ሮስተሩን ማን ያነበዋል?

ጥምቀት አልፎ እንግዳው ከጎንደር ሲበተን፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የተረገጠው ሣር ገና ቀና ሳይል፣ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ሌላ ግርግር ይጀመራል። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ሮስተር የሚሞላበት ሰሞን ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ከየትምህርቱ መምህር ማርክ ይለቅማል፤ ሰፊውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ መስመር እንዳይስት በማስመሪያ እየተከተለ፣ የስልሳ ተማሪ ውጤት ይሞላል። ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ደረጃ ያወጣል። አንድ ድምር ከተዛነፈ ርእሰ መምህሩ ይመልስበታል፤ እንደገና ይቀመጣል። በመጨረሻ ካርዱ ይጻፋል፣ ሮስተሩ ማኅተም ይመታበታል፣ ቁም ሣጥን ይገባል።

ከዚያ በኋላ ማን ያነበዋል?

ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ የትምህርት ፕሮፌሰሮች በዓለም ላይ አሉ። የሚመረምሩት ሁለት ነገር ነው፤ ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ መምህራንም ስለ ተማሪዎቻቸው የተሰበሰበውን መረጃ እንዴት እንደሚያነቡት። በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ከቡና ቤት እስከ ምክር ቤት በመቶኛ የምንከራከር ሰዎች ስለሆንን፣ ሥራቸው እኛንም ይመለከታል።

«ዳታ» ስንል የትኛውን ነው?

ፒያሳ ላይ ቆማችሁ አንዱን ወጣት «ዳታ አለህ?» ብትሉት ስልኩን አውጥቶ ያያል እንጂ ስለ ተማሪ ውጤት አያወራችሁም። ቃሉ በእኛ ዘንድ የሞባይል ኢንተርኔት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ እዚህ «መረጃ» እላለሁ። ተቆጥሮ፣ ተለክቶ ወይም ታይቶ የተመዘገበ ነገር ሁሉ መረጃ ነው። ማርክ መረጃ ነው፤ የቀሪዎች መዝገብ መረጃ ነው። መምህሩ «ይህች ልጅ ከሰኞ ጀምሮ ዝም ብላለች» ብሎ በማስታወሻው ጠርዝ ላይ የጫራት መስመርም መረጃ ናት፤ ቁጥር ስላልሆነች ብቻ ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ልዩነት አለው። ፖሊስ «መረጃ ደርሶናል፣ ማስረጃ እያሰባሰብን ነው» ሲል ማንም አይደናገርም። መረጃ የደረሰን ነገር ነው፤ ማስረጃ ደግሞ አንድን ነገር በልበ ሙሉነት ለማለት የሚያበቃን። የመረጃ ንባብ የምለው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያደርሰውን መንገድ መሄድ መቻልን ነው። ኤለን ማንዲናክና ኢዲት ገመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለመምህራን ሲሆን ትርጉሙን አንድ እርምጃ ያስረዝሙታል፤ መምህሩ በማስተማሩ ላይ ምን እንደሚቀይር እስኪወስን ድረስ ንባቡ አላለቀም ይላሉ። የሚያስተምረውን ትምህርት ጠንቅቆ ማወቁንም ከንባቡ ይቆጥሩታል። ስታቲስቲክስ ብቻ የተማረ ሰው ስሕተቱ የት እንዳለ ያሳያችኋል እንጂ ሕፃኑ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ አይነግራችሁም።

እንዲህ ያለ ፕሮፌሰር ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲመረምር ይኖራል?

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረ አንድ የትምህርት ቴክኖሎጂ ተመራማሪ አስቡ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል ወይም ሊወጣ ነው። (የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን፣ የአገር ቤቱን በእኛ ዘመን አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው። ይህን ማስታወቅ ለምን እንዳስፈለገ ወደ ኋላ ይታያችኋል።) በእርሱ ዕድሜ ጥያቄው ብዙ ጊዜ መልኩን ቀይሯል።

መጀመሪያ ጥያቄው ስለ መሣሪያው ነበር። በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ሲሞር ፓፐርት ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 ለሕፃናት የሚሆን ሎጎ የተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርቶ ነበር። ልጁ ኤሊ የምትባል ነገርን «ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ» እያለ ያዛታል፤ ኤሊዋ በሄደችበት መስመር ይሰመራል፤ ልጁ ሳያውቀው ጂኦሜትሪ ይማራል። ተስፋው ትልቅ ነበር። ኮምፒውተር ልጁን ከሚያስተምር ይልቅ ልጁ ኮምፒውተሩን ያስተምር የሚል ሐሳብ ነው፤ ለእኔ እስከ ዛሬም ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው።

ቀጥሎ «መሣሪያው ገባ፤ ተሠራበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ላሪ ኪዩባን ከዚያ በፊት የታሪክ መምህር፣ ቀጥሎም የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ነበር፤ የጠመኔ አቧራ ያውቃል። በ1986 ባሳተመው ጥናት ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እያንዳንዳቸው «ትምህርትን ይለውጣሉ» ተብለው ገብተው ጥግ እንደያዙ አሳየ። በ2001 ደግሞ የኮምፒውተር ኩባንያዎች መናኸሪያ በሆነው በሲሊከን ቫሊ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ተመልክቶ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። መሣሪያው ሞልቷል፤ አብዛኛው መምህር ግን ብዙም አይነካውም፤ የሚነካውም የቀድሞውን አስተምህሮ ለመቀጠል ነው። ኪዩባን መምህራኑን ሰነፍ አላለም። የክፍለ ጊዜው እጥረት፣ የፈተናው ጫና፣ የሚበላሸው ማሽን ባሉበት መምህሩ የመረጠው ምርጫ አስተዋይ ነው ብሎ ነው የተከራከረው።

እኛ ይህን ለመረዳት ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ፕላዝማ አለን። በ1997 ዓ.ም. ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሳተላይት ተሠራጭቶ ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ስክሪን መታየት ጀመረ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አይቆምም፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል ስክሪኑ አይሰማውም። መምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ሙሉ በሙሉ የእርሱ ይሆናል። ዓላማው ብቁ መምህር ላልደረሰው የገጠር ልጅ እኩል ትምህርት ማድረስ ነበር፤ ያ ዓላማ የሚናቅ አይደለም። የጎደለው መመለሻ መንገድ ነው። ትምህርቱ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፤ ከክፍሉ ወደ ትምህርቱ የሚመለስ ወሬ የለም።

የፕሮፌሰሩ ሦስተኛ ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ጉድለት ጋር ከሚመሳሰል ነገር ነው። በጥር 2002 በአሜሪካ አንድ ሕግ ጸደቀ፤ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ፣ ከዚያም በላይኛው ሁለተኛ ደረጃ አንድ ጊዜ፣ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ አስገደደ። ትምህርት ቤቶች በቁጥር ተጥለቀለቁ፤ የቁጥሩ ማጠራቀሚያ የኮምፒውተር ሥርዓትም ተገዛ። ያን ጊዜ ተመራማሪዎቹ ከመሣሪያው ወደ ሰውየው ዞሩ፤ መምህሩ ይህን ሁሉ ማንበብ ይችላል ወይ?

ይህን ለማወቅ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። ለመምህሩ የአንድ ምናባዊ ክፍል የውጤት ሠንጠረዥ ይሰጡትና የሚያስበውን ጮክ ብሎ እየተናገረ እንዲያነበው ይጠይቁታል። በ2011 በአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት የታተመ እንዲህ ያለ ጥናት መምህራን ከሠንጠረዥ ውስጥ የተጠየቁትን ቁጥር ፈልጎ ማግኘት እንደማይቸግራቸው አሳይቷል። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ምን እንደሚያስብልና ምን እንደማያስብል ሲጠየቁ ነው። በቡድን ሆነው ሲያነቡት ደግሞ ብቻቸውን ካነበቡት የተሻለ ሠርተውታል። ይህችን የመጨረሻ ነገር ያዙልኝ።

ታዲያ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ጎንደር ይህን ከሌላ በር ታውቀዋለች። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነበሩ። ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ ነው የታሰበው። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ተቅማጥ ይዞት የመጣውን ሕፃን ማከም አንድ ሥራ ነው። በመዝገቡ ላይ ሃያ ሕፃናት ከአንድ መንደር መምጣታቸውን ማየት ሌላ ሥራ ነው። ያን ያየ ሰው መድኃኒት ማደሉን ሳይተው ተነሥቶ ወደ ምንጩ ይሄዳል።

ሮስተርም የክሊኒክ መዝገብ ነው። እንበል፣ የ6ኛ ክፍል ሁለት ምድቦች በሒሳብ አማካይ ውጤታቸው እኩል 58 ነው። ርእሰ መምህሩ ሁለቱንም «መካከለኛ» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን በምድብ ሀ ሁሉም ተማሪ ከ50 እስከ 66 ባለው ውስጥ ነው። በምድብ ለ ግማሹ 85፣ ግማሹ 31 አግኝቷል። በምድብ ለ 58 ያገኘ አንድም ልጅ የለም፤ አማካዩ የሚወክለው ተማሪ በክፍሉ ውስጥ አልተወለደም። ለመጀመሪያው ክፍል የሚሆነው ትምህርት ለሁለተኛው አይሆንም፤ ሮስተሩ ግን ሁለቱን በአንድ ቁጥር ጽፏቸዋል።

ወደ ምንጩ ትንሽ እንቅረብ። በምድብ ለ ፈተና ላይ ሰባተኛው ጥያቄ «1/2 + 1/3 ስንት ነው?» ይላል። ከስልሳው ሠላሳ ስድስቱ ተሳስተዋል። ብዙ መምህር እዚህ ላይ «ክፍልፋይ አልገባቸውም» ብሎ ያቆማል። አንባቢ የሆነው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ የትኛውን ስሕተት ነው የመረጡት? ሲቆጥረው ሃያ ዘጠኙ «2/5» የሚለውን ከበውታል፤ ሰባቱ ብቻ እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። በግምት ቢሆን ኖሮ በየምርጫው ይበተኑ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ልጅ በአንድ ስሕተት ላይ ሲገናኝ ስንፍና አይደለም፣ ሥርዓት ነው፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረዋል። ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር አላዩትም፤ በመስመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አድርገው ነው የሚያዩት። ከአንድ ምንጭ የጠጡ ናቸው። ያን ማወቅ «58» ከማወቅ ይበልጣል፤ ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚሠራ ይነግራልና።

5.4 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው?

ትልቁን ቁጥር እንውሰድ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ወደ 845 ሺህ ተፈታኝ ነበር፤ 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ደግሞ ወደ 675 ሺህ ተፈታኝ፣ 36,409 ያለፈ፤ 5.4 በመቶ።

ከ3.2 ወደ 5.4 ሲታይ ውጤቱ በሁለት ሦስተኛ ያደገ ይመስላል። የተማሪውን ቁጥር ስታዩ ግን ያለፉት የጨመሩት በአንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከታች ካለው ቁጥር። መቶኛ ሁለት ጫፍ አለው፤ ላይኛው ሲጨምርም ያድጋል፣ ታችኛው ሲቀንስም ያድጋል። በ2016 ሁለቱም ሆነዋል። ተፈታኙ እንደ 2015 845 ሺህ ቢሆንና ያለፉት እነዚያው 36,409 ቢሆኑ፣ መቶኛው 4.3 ይሆን ነበር። ይህ ስሌት «ያልተፈተኑት ይወድቁ ነበር» ለማለት አይደለም፤ ያን ማንም አያውቅም። አንድ መቶኛ ሲነገራችሁ «ከስንት?» ብሎ መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ነው።

ትንሽ ትምህርት ቤትን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አሥራ ሁለት ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ስታልፍለት 8.3 በመቶ አሳለፈ ይባላል። ያቺ ልጅ በፈተናው ሰሞን ጉንፋን ቢይዛት ኖሮ «ምንም ያላሳለፈ» ተብሎ በዝርዝር ይወጣ ነበር። በዚህ ቁጥር ርእሰ መምህር መሸለምም ማንሳትም ዕጣ እንደ መጣል ነው።

ያልተቆጠረውስ?

ያልተፈተነ ልጅ አማካይ አያወርድም። ይህ ዐረፍተ ነገር በጎንደርና በዙሪያዋ ዛሬ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እነዚህ ልጆች በሮስተር ላይ የሉም። ክፍት በቆየው ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ውጤት ተሻሽሎ ቢታይ፣ የተሻሻለው ትምህርቱ ነው ወይስ የቀረው ልጅ ማንነት ነው የተለወጠው? ሠንጠረዡ ራሱ አይመልስም። ባዶው መስመርም የሚነበብ ነገር መሆኑን የመረጃ ንባብ ያስተምራል፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለኛል።

ቀለል ያሉ፣ ግን የሚያበሳጩ ጉድለቶችም አሉ። በጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅን አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም አይቀበላትም፤ መዝጋቢው ምን ያድርግ? ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብሎ ያስገባታል፤ መስከረም ካላት የልደት ዘመኗም ይለወጣል። ከእኛ ወደ አውሮፓውያን ሲዞር ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን የዘነጋ ደግሞ በጥቅምት 2008 የተወለደን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። የልደት ማስረጃ የሌለው ወላጅ ሲጠየቅ ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል፤ በሕዝብ ቆጠራዎቻችን በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ጎልተው የሚታዩት ለዚህ ነው። ባሕረ ሐሳብን በቃላቸው የሚያሰሉ ሊቃውንት በኖሩበት ከተማ ልጁ በቀን መቁጠሪያ ምክንያት ከመዝገብ ሲዛነፍ ማየት ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽ ያሳዝናል።

ቁጥሩ ራሱ ሲታመምስ?

እኔም ጠመኔ ይዤ ባሳለፍኳቸው ጥቂት ዓመታት ያደረግኩትን ልናገር። ተከታታይ ምዘና በየሳምንቱ እንዲመዘገብ ታዘዘ። አምስት ምድብ፣ በምድብ ስልሳ፣ ሦስት መቶ ልጅ ነበረኝ። መዝገቡ ሊታይ ነው ሲባል፣ ማታ ተቀምጬ ለሁሉም ከአሥሩ ሰባት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ እያልኩ ሞላሁት። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም «የተሟላ» ተብሎ ተመሰገነ። ሱፐርቫይዘሩ የፈለገው የሞላ ሣጥን ነበር፤ ሰጠሁት።

ዶናልድ ካምቤል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይህን በደንብ አስቀምጦታል፤ አንድ ቁጥር ለሽልማትና ለቅጣት መወሰኛ በሆነ መጠን የመበረዝ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሊለካ የታሰበውንም ነገር ያበላሻል። ከባዱ ምሳሌ አትላንታ ነው። በ2011 የወጣ የምርመራ ዘገባ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች በፈተና ማጭበርበር እጃቸው እንዳለበት ገለጸ፤ ከመልስ ወረቀት ላይ የተማሪውን ስሕተት እየሰረዙ ትክክለኛውን ያጠቁሩ ነበር። በ2015 ዐሥራ አንዱ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የሚገርመው የተጋለጡትም በመረጃ ንባብ መሆኑ ነው፤ ከስሕተት ወደ ትክክል የተቀየሩ ስርዞች ብዛት ተቆጥሮ፣ በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ ሆኖ ተገኘ። እኛም በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ የተሰረዘበትን፣ ከ2014 ፈተና ጀምሮ ደግሞ ልጆቻችን ሻንጣ ይዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ሄደው የሚፈተኑበትን ዘመን አይተናል።

መምህሩ ብቻውን ይችለዋል?

አይችልም፤ ብቻውንም እንዲችለው መጠየቅ ተገቢ አይደለም። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነችው ኪም ስኺልድካምፕ ከባልደረቦቿ ጋር የመረጃ ቡድን የሚባል አሠራር አዳብራለች። ጥቂት መምህራንና ከአመራሩ የተወከሉ ሰዎች በአንድ ተጨባጭ ችግር ላይ ይቀመጣሉ። ችግሩን ይወስናሉ፣ ምክንያቱን ይገምታሉ፣ መረጃ ይሰበስባሉ፣ የመረጃውን ጥራት ይፈትሻሉ፣ ይተነትናሉ፣ ይተረጉማሉ፣ እርምጃ ይወስዳሉ፣ መልሰው ይገመግማሉ፤ ስምንት እርምጃ ነው። ከስምንቱ እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ነው። ግምታቸውን በወረቀት ላይ ጽፈው፣ ከዚያ በመረጃ ይፈትኑታል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ግምት ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለን ሰው የሚከስስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውድቅ ይሆናል።

በእኛ አገር መምህራን ክፍል የዚህ ግምት ስም «መሠረት የለውም» ነው። የ9ኛው መምህር «ከ8ኛ ሳይዝ መጣ» ይላል፤ የ8ኛው ወደ 5ኛ፣ የ5ኛው ወደ አንደኛ ክፍል፣ የአንደኛው ወደ ወላጅ ይጠቁማል። እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት መሆኑን ለማወቅ ግን የ8ኛ ክፍል ውጤታቸው ከፍ ያለና ዝቅ ያለ ልጆች በ9ኛ እንዴት እንደሆኑ ማስተያየት ይበቃል፤ ሁለቱም ሮስተሮች ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ። ቡድንም ጠፍቶ አይደለም፤ የትምህርት ክፍል ስብሰባ አለ፣ አጎራባች ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል አለ። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነበበው ዕቅድና ሪፖርት ነው።

ሌላም የሚጎድል ነገር አለ። ቀሃና አንገረብ ቁልቁል ይፈስሳሉ፤ የትምህርት ቤት መረጃ ግን ሽቅብ ነው የሚፈስሰው። ከትምህርት ቤት ወደ ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ሚኒስቴር ይወጣል፤ ሚኒስቴሩም በየዓመቱ ትልቅ የስታቲስቲክስ መድብል ያሳትማል። ለበጀትና ለዕቅድ ይጠቅማል። ቅጹን የሞላው መምህር ግን የላከው ቁጥር ምን ሆኖ እንደተመለሰ አያይም። መልስ የማይመጣበትን ደብዳቤ በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው።

የልጁ ውጤት የማን ነው?

በዚህ ላይ አጭር ልሁን። ውጤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ የቆየ ልማዳችን ነው፤ አሁን ደግሞ ከነስሙና ከነደረጃው በፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይሠራጫል። ከግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝናብ ያጥበዋል፤ ስልክ ላይ የገባው አይታጠብም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። ስለዚህ «ስልሳኛ የወጣው ማነው?» የሚለው ዝርዝር ከይሉኝታም ባለፈ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። መምህሩ ማወቅ ያለበትን መንደሩ ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም። የፕሮፌሰሮቹ የዛሬው ጥያቄም ወደዚህ እያዘነበለ ነው፤ ኮምፒውተር በልጁ ያለፈ ውጤት ላይ ተመሥርቶ «ይህ ልጅ ይወድቃል» ብሎ ሲተነብይ፣ ትንበያውን ማን ያያል? መምህሩ ካየ በኋላስ ልጁን በፊት በሚያየው ዓይን ያየዋል?

ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?

የኔታ ሮስተር የላቸውም። ፊደል የሚቆጥረውን፣ መልእክተ ዮሐንስ የደረሰውን፣ ዳዊት የሚደግመውን እያንዳንዱን በየቀኑ ፊታቸው አስቁመው ይሰሙታል፤ የት ላይ እንደሚያደናቅፈው ያውቃሉ፤ እዚያው ያርሙታል፣ ሳይዝ አያሳልፉትም። መረጃው በጆሯቸው ገብቶ በአንደበታቸው ይወጣል። ሦስት መቶ ልጅ ያለው መምህር ይህን ማድረግ ስለማይችል ነው ወረቀት ያስፈለገው። ወረቀቱ የጆሮ ምትክ ነው።

ለዚያ ደግሞ ማሽን የግድ አይደለም። ያን ሁሉ ሣጥን ከመሙላት ይልቅ በሳምንት አንድ አምስት ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ በየጥያቄው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ መስመር ማስመር፤ ወረቀቱን እያገላበጡ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ አምስት አምስት እያሰሩ መጫር። ተማሪዎቹ ራሳቸው እየተለዋወጡ ቢያርሙና እጅ ቢያወጡ ደግሞ የስልሳ ልጅ መልስ በአሥር ደቂቃ ይቆጠራል። ስም መጻፍ እንኳ አያስፈልግም።

ወደዚያ ሰባተኛ ጥያቄ እንመለስ። መምህሯ ሃያ ዘጠኙን ቆጥራለች እንበል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ «ተሳስታችኋል» አላለችም። ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ እንጀራ ሣለች፤ የአንዱን ግማሽ፣ የሌላውን ሲሶ በጠመኔ አጠቆረች። ግማሽና ሲሶን ገበያ ላይ የማያውቅ ልጅ የለም። ከሥራቸው 2/5 ብላ ጻፈችና «ይህን ያህል ነው የሚሆኑት ያላችሁኝ» ብላ ሦስተኛ እንጀራ ሥላ፣ አምስት ላይ ከፍላ፣ ሁለቱን አጠቆረች። ከዚያ ዝም አለች። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን ሳታወጣ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ግማሽ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል?»